ከትኬቱ ዋጋ ሥር ያለው ቁጥር፦ አየር መንገዶችን በአካባቢ ጥበቃ ስለማወዳደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ለገና ለመምጣት ትኬት ስታይ ደወለችልኝ። «ከዋጋው ሥር የካርቦን ቁጥር አለ። አንዱ በረራ ላይ በአረንጓዴ ተጽፏል፣ ሌላው ላይ አልተጻፈም። ምን ማለት ነው? ልመነው?» አለችኝ። ያን ቀን በስልክ የመለስኩላት ከግማሽ አይበልጥም። ከዚያ ወዲህ ይኸው ጥያቄ ከዱባይም፣ ከፍራንክፈርትም፣ ከዚሁ ከሰፈሬም መጥቶልኛል። ነገሩን ስከታተለው ስለቆየሁ የምጠየቀውን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቤ ልመልስ አልኩ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አውሮፕላን እውነት ያን ያህል ይበክላል?

የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአቪዬሽን ድርሻ 2.5 በመቶ አካባቢ ነው። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ግን አስቡት፤ ከዓለም ሕዝብ አብዛኛው በአንድ ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ አውሮፕላን አይሳፈርም። ያን ሁሉ የሚለቀው ጥቂቱ ሰው ነው። በዚያ ላይ አውሮፕላን ምድርን የሚያሞቀው በካርቦን ብቻ አይደለም። ከኋላው የሚተወው ነጭ መስመርና ሌሎቹ ጋዞች ሲደመሩ፣ ሰው ካመጣው ሙቀት ውስጥ ድርሻው ወደ 3.5 በመቶ ከፍ ይላል።

መኪናው በኤሌክትሪክ እየተተካ ነው። ኢትዮጵያም በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ረጅም ርቀት የሚበር አውሮፕላን ግን እንዲህ ያለ ምትክ ገና አላገኘም። ሌላው እየቀነሰ ሲሄድ የእሱ ድርሻ እየጎላ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ልኬቱ ከምን ይጀምራል?

ከነዳጅ። 1 ኪሎ ግራም የአውሮፕላን ነዳጅ ሲቃጠል 3.16 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። «ከ1 ኪሎ እንዴት 3 ኪሎ ይወጣል?» የሚል ብዙ ነው። ነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ነው የሚወጣው። የጨመረው ክብደት የኦክስጅኑ ነው።

ቀጥሎ ማካፈል ነው። አንድ አውሮፕላን በአንድ ጉዞ 50 ቶን ነዳጅ አቃጠለ እንበል። 158 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቀቀ ማለት ነው። 300 መቀመጫ አለው። ሁሉም ከተያዘ ለአንድ ሰው 527 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል። 250 ሰው ከተሳፈረ 632 ይሆናል። 180 ብቻ ከሆነ 878። ሰው ሲያንስ ነዳጁም በመጠኑ ይቀንሳል፤ ልዩነቱን ግን አይሸፍነውም። አውሮፕላኑ ያው ነው፣ መንገዱ ያው ነው፣ የእናንተ ድርሻ ግን አጠገባችሁ ሰው መኖር አለመኖሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

ባለሙያዎች ይህን በርቀት ደግሞ ያካፍሉትና «በአንድ መንገደኛ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር፣ ስንት ግራም» ብለው ያስቀምጡታል። አየር መንገዶች በሪፖርታቸው ላይ የሚጽፉት በአብዛኛው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ካርቦን የሚያሰላው አንዱ ማስያ ከሌላው ለምን ይለያያል?

ይህን ጥያቄ በደንብ ልመልሰው፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ «ውሸት ነው» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነውና።

አንደኛ፣ ቆጠራው የሚጀምረው ከየት ነው? አንዳንዱ ሞተሩ ውስጥ የተቃጠለውን ብቻ ይቆጥራል። ሌላው ነዳጁ ከጉድጓድ ወጥቶ፣ ተጣርቶ፣ ተጓጉዞ አውሮፕላኑ ክንፍ ውስጥ እስኪገባ ያለውንም ይደምራል። ያኔ 3.16 የነበረው ወደ 3.84 ገደማ ይወጣል። ወደ እኛ አገር የሚመጣውን ነዳጅ አስቡ። በአብዛኛው ጂቡቲ ወደብ ላይ ይወርድና በቦቴ ይጫናል። ቦቴው ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው ቦሌ እስኪደርስ ራሱ ናፍጣ ያቃጥላል። ያን መቁጠር ተገቢ ነው ባይ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ጭነት አለ። መንገደኛ የሚጭን ትልቅ አውሮፕላን ከእግራችሁ በታች የነጋዴ ሸቀጥ ይዟል። ነዳጁ ለጭነቱም ለሰውም ይካፈላል። በዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በአይካኦ፣ አሠራር አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ግራም ይታሰባል፤ ለመቀመጫውና ለመስተንግዶው ዕቃ ደግሞ 50 ኪሎ ይታከላል። ጭነቱ ላይ ብዙ የጫነ ማስያ የእናንተን ድርሻ ያሳንሰዋል።

ሦስተኛ፣ የመቀመጫው ደረጃ ነው። እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ።

አራተኛ፣ መረጃው ግምት ነው ወይስ እውነተኛ? ጉግል ፍላይትስ ላይ የምታዩት ቁጥር «ትራቭል ኢምፓክት ሞዴል» ከሚባል ስሌት የሚመጣ ነው። የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ ርቀቱንና የመቀመጫውን አደረጃጀት ይዞ ይገምታል። የአየር መንገዶች ማኅበር አያታ በ2022 ያወጣው ማስያ ደግሞ አየር መንገዶቹ ራሳቸው ከሚሰጡት የነዳጅ መረጃ ይነሳል። በአውሮፓ ከ2025 ጀምሮ አየር መንገዶች በፈቃዳቸው የሚገቡበት፣ መረጃው በሌላ ወገን የሚረጋገጥ የልቀት መለያ ተጀምሯል።

ስለዚህ ሁለት ቁጥሮችን ስታወዳድሩ ከአንድ ማስያ የወጡ ይሁኑ። የአንዱን ከሌላው ጋር አታጋጩ፤ ብርን ከዶላር ጋር ሳይመነዝሩ እንደማወዳደር ነው።

ቢዝነስ ክላስ መቀመጥ ልዩነት አለው?

በጣም አለው። ቢዝነስ ላይ ያለው ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛል። የሚተኛበት ቦታ ላይ ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎች መቀመጥ ይችሉ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት በሚያወጣው የስሌት መመሪያ፣ በረጅም በረራ ላይ የቢዝነስ መንገደኛ ከኢኮኖሚው 2.9 እጥፍ ይቆጠርበታል። የፈርስት ክላሱ 4 እጥፍ።

አየር መንገዶችን ሳወዳድር መጀመሪያ የማየው ይህን ነው። አንድ ዓይነት አውሮፕላን ገዝቶ አንዱ 350 መቀመጫ ይተክልበታል፣ ሌላው በሰፋፊ መቀመጫ 230 ላይ ያቆመዋል። ሁለቱም ማስታወቂያቸው ላይ «ዘመናዊና ነዳጅ ቆጣቢ» ይላሉ። ለአንድ ሰው ሲካፈል ግን አይገናኙም።

ሻንጣዬስ?

ከጉዞ በፊት ያለችውን ማታ ሁላችንም እናውቃታለን። ሻንጣው ሳሎን መሃል ተጋድሟል። እናት በርበሬውን ሽታው እንዳይወጣ በፌስታል ላይ ፌስታል ደርባ ታስራለች። አንዱ የእጅ ሚዛኑን ማንጠልጠያው ላይ ይሰካና ትንፋሹን ይዞ ያነሳል። 24.6። ሽሮው ይቀነስ፣ ዳቦ ቆሎው ይግባ፣ ክርክር ነው። በመጨረሻ 23 ላይ ሲቆም ሁሉም እፎይ ይላል።

እስቲ እናስላው። ለተጨማሪ ክብደት በየሰዓቱ የዚያን ክብደት 3 በመቶ ያህል ነዳጅ ይቃጠላል የሚል የተለመደ ግምት አለ። 23 ኪሎ ሻንጣ በ13 ሰዓት በረራ 9 ኪሎ ግራም ያህል ነዳጅ ይፈጃል። ወደ ካርቦን ሲቀየር 28 ኪሎ ግራም ነው። ዜሮ አይደለም። ግን የአንድ መንገደኛ ድርሻ በመቶዎች በሚቆጠርበት ጉዞ ላይ ትልቁ ጉዳይ በርበሬው አይደለም። እናታችሁ ያሰረችውን በሰላም ያዙ።

አዲስ አውሮፕላን ያለው አየር መንገድ ይሻላል ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ አዎ። ቦይንግ 787ና ኤርባስ ኤ350 ከተኳቸው አውሮፕላኖች ከ20 እስከ 25 በመቶ ያነሰ ነዳጅ እንደሚጠቀሙ አምራቾቹ ይናገራሉ። አካላቸው በብዛት ከካርቦን ፋይበር ስለተሠራ ቀላል ነው፤ ሞተሮቻቸውም ቆጣቢ ናቸው።

አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። አይሲሲቲ የሚባለው የንጹሕ ትራንስፖርት ጥናት ድርጅት በ2017 አትላንቲክን የሚያቋርጡ አየር መንገዶችን አወዳድሮ ነበር። ኖርዌጂያን አንደኛ ወጣ። በ1 ሊትር ነዳጅ አንድ መንገደኛን 44 ኪሎ ሜትር ያህል ይወስድ ነበር። ብሪቲሽ ኤርዌይስ 27 ኪሎ ሜትር ላይ መጨረሻ ሆነ። ኖርዌጂያን አዳዲስ 787ዎችን ብዙ መቀመጫ ተክሎ ያበር ነበር። ብሪቲሽ ኤርዌይስ ገና አራት ሞተር ያላቸውን ያረጁ 747ዎች ይዞ ነበር፤ የቢዝነስና የፈርስት መቀመጫውም ብዙ ነው።

ከዚያስ? ብሪቲሽ ኤርዌይስ በ2020 747ዎቹን በሙሉ አሰናበተ። አንደኛ የወጣው ኖርዌጂያን ደግሞ በ2021 መጀመሪያ የረጅም ርቀት በረራውን ጭራሽ ተወው። ደረጃ የሚባል ነገር ቀን ያልፍበታል። የቆየ ሰንጠረዥ ይዞ የሚመጣባችሁ ሰው ካለ መጀመሪያ ዓመቱን ጠይቁት።

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ስንሄድ ለምን መንገድ ላይ እናርፋለን? ያ አይበክልም?

ብዙ ሰው ትኬት ለመሸጥ የሚደረግ ይመስለዋል። ዋናው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ክንፉም ሞተሩም የሚይዙት አየር ያንሳል። አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም መንደርደር አለበት፤ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሳት ያቅተዋል። ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ከፊት ነው። ስለዚህ ነዳጅ ቀንሶ ይነሳና መንገድ ላይ ይቀዳል። ደብሊን ለዓመታት ከተቀዳባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ሲመለስ ግን የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ደለስ ከባሕር ጠለል 95 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ ሞልቶ ይነሳና በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባል።

ብክለቱን በተመለከተ ማረፉ የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቀጥታ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደብሊን በኩል ሲሆን የሚጨምረው ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። እንደገና መነሳት ነዳጅ ይበላል። በሌላ በኩል ለ14 ሰዓት የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ መብረር ራሱ ነዳጅ ይበላል። ሁለቱ በከፊል ይካካሳሉ።

የሚጎዳው ከመንገድ ወጥቶ መዞር ነው። ከዋሽንግተን በዱባይ በኩል አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው 13,900 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከቀጥታው በ2,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከአዲስ አበባ ዱባይ የሚደርስ ርቀት ማለት ነው ማለት ይቻላል። ትኬቱ ረክሶ ይሆናል። ካርቦኑ ግን አልረከሰም።

ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። አውሮፕላኖች ከዚያ የበለጠ ክብደት ይዘው መነሳት ይችላሉ። ለዚህ ጉዳይ በጎ ዜና ነው።

አጭር በረራ ከረጅም ይሻላል አይደል?

በጠቅላላው ያንሳል። በኪሎ ሜትር ሲካፈል ግን አጭሩ ይብሳል። አውሮፕላን ብዙ ነዳጅ የሚፈጀው ሲነሳና ወደ ላይ ሲወጣ ነው። አጭር በረራ ላይ ወጥቶ ሳይጨርስ መውረድ ይጀምራል። ለዚህ ነው በአጭር መስመር ላይ የአውሮፕላኑ ዓይነት ትልቅ ትርጉም ያለው። ወደ ባሕር ዳር ወይም ጅማ በፕሮፔለሯ ኪው400 የበረራችሁ ጩኸቷንና ንዝረቷን ታውቁታላችሁ። እኔ ግን እወዳታለሁ። በዚያ ዓይነት ርቀት ላይ ፕሮፔለር ከጄት በግልጽ ያነሰ ነዳጅ ይጠቀማል።

ባቡር ባለበት አገር መልሱ ሌላ ነው። ፈረንሳይ በ2023 በባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል በታች በሚደረስባቸው አንዳንድ የአገር ውስጥ መስመሮች ላይ በረራ ከልክላለች። ከፓሪስ ሊዮን አንዱ ነው። እኛ አገር ያ አማራጭ በብዙ ቦታ ስለሌለ በዚያ ሚዛን ራሳችንን መመዘን የለብንም።

ደረጃ የሚያወጡ ድርጅቶችን ማመን ይቻላል?

ምን እንደሚለኩ ካወቃችሁ አዎ። አትሞስፌር የሚባል የጀርመን ድርጅት ከ2011 ጀምሮ አየር መንገዶችን ሲመዝን ቆይቷል። እኔ ከሁሉም አሠራሩ ደስ የሚለኝ የሱ ነው። አየር መንገዱን በጅምላ አይመዝንም። በየከተማው መካከል ያለውን መስመር ለየብቻ ወስዶ፣ በዚያው መስመር ላይ ሊገኝ ከሚችለው ከምርጡ ጋር ያወዳድረዋል። በዚህ መንገድ ሩቅ የሚበረው በርቀቱ አይቀጣም፣ ቅርብ የሚበረውም አይመረቅም።

ከኩባንያዎች የአካባቢ ጥበቃ መረጃ የሚሰበስበው ሲዲፒ ደግሞ በፊደል ውጤት ይሰጣል። እሱ በአብዛኛው የሚመዝነው ኩባንያው መረጃውን ምን ያህል በግልጽ እንደሚያወጣና ምን እንዳቀደ ነው። በግልጽ ያወጣ ሁሉ ትንሽ በከለ ማለት አይደለም። «የዓመቱ ምርጥ አየር መንገድ» የሚሉት ሽልማቶች ደግሞ ስለ መስተንግዶ፣ ስለ ምግብና ስለ ወንበር ናቸው። ከካርቦን ጋር አታገናኟቸው።

ማስታወቂያው ላይ «አረንጓዴ» ካለ በቂ አይደለም?

አይደለም። በየካቲት 2020 የእንግሊዝ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ የራያንኤርን ማስታወቂያ አገደ። ራሱን በአውሮፓ ዝቅተኛ ልቀት ያለው አየር መንገድ ብሎ ነበር። ለማስረጃ ያቀረበው አንዱ ሰንጠረዥ የ2011 ሆኖ ተገኘ። በመጋቢት 2024 ደግሞ የአምስተርዳም ፍርድ ቤት ከኬኤልኤም 19 የማስታወቂያ አባባሎች 15ቱ አሳሳች ናቸው ብሎ ፈረደ። ዛፍ በመትከልና አማራጭ ነዳጅ በመጠቀም ጉዳቱን እንደሚቀንስ ይናገር የነበረበትን መንገድ ፍርድ ቤቱ ከእውነቱ የተሻለ ሥዕል የሚሰጥ ነው አለው።

እኔ አንድ መመዘኛ አለኝ። ቃሉ አጠገብ ቁጥር አለ? ቁጥሩ አጠገብ ዓመት አለ? ከሌለ አልፈዋለሁ።

«ለዛፍ 10 ዶላር ጨምሩ» ሲሉኝ ልክፈል?

መክፈሉ መጥፎ አይደለም። «ስለዚህ በረራዬ ንጹሕ ሆነ» ማለቱ ነው ስህተቱ። ነዳጁ ዛሬ ይቃጠላል፤ ዛፉ ያን ካርቦን ለመሰብሰብ አሥርት ዓመታት ያስፈልጉታል። በመሃል ሊደርቅ፣ ሊቆረጥ፣ ሊቃጠል ይችላል። ችግኝ ተክሎ በዓመቱ ሄዶ ያየ ሰው ይህን ይረዳል።

ጥሩ የሆነ ሥራም አለ። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ 2,700 ሄክታር ያህል የተራቆተ ተራራ ተከልሎ እንዲያገግም ተደርጓል። ብዙው አዲስ ችግኝ አይደለም። መሬት ውስጥ በሕይወት የቀረው ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ ገበሬው ከከብት ጠበቀው፣ ገረዘው፣ ተንከባከበው። ፕሮጀክቱ በ2009 በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ተመዝግቦ የካርቦን ገቢው በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ለአካባቢው ሰው ደርሷል። የምትከፍሉት ገንዘብ እንዲህ ያለ ቦታ ስለመሄዱ ስሙን፣ ቦታውንና ማን እንዳረጋገጠው ጠይቁ። መልስ ከሌለ ገንዘባችሁን ለሰፈራችሁ ዛፍ አውሉት።

ዘላቂ ነዳጅ የሚባለውስ?

ከተጠቀመ የምግብ ዘይት፣ ከእንስሳት ስብና ከተረፈ ምርት የሚሠራ ነዳጅ ነው። ከአውሮፕላኑ ሲወጣ እንደማንኛውም ነዳጅ ነው የሚበክለው። ጥቅሙ ካርቦኑ ከመሬት ውስጥ አዲስ የተቆፈረ አለመሆኑ ነው። ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሲሰላ ልቀቱን እስከ 80 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። በኅዳር 2023 ቨርጂን አትላንቲክ ከለንደን ኒው ዮርክ በዚህ ነዳጅ ብቻ በሯል።

ችግሩ መጠኑና ዋጋው ነው። በ2024 በዓለም የተመረተው 1 ሚሊዮን ቶን ያህል ነው። ከአጠቃላይ የአውሮፕላን ነዳጅ 0.3 በመቶ ብቻ። ዋጋውም ከተለመደው ብዙ እጥፍ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2025 ጀምሮ አውሮፕላን ማረፊያዎቹ ላይ ከሚቀዳው 2 በመቶው ዘላቂ ነዳጅ እንዲሆን አስገድዷል። በ2030 6፣ በ2050 70 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ አየር መንገድ «ዘላቂ ነዳጅ እንጠቀማለን» ሲል ጥያቄው «ስንት በመቶ?» ነው።

መንግሥታት የተስማሙበት ነገር የለም?

አለ፤ ኮርሲያ ይባላል። አይካኦ በ2016 ያጸደቀው ነው። በተሳታፊ አገሮች መካከል የሚደረገው ዓለም አቀፍ በረራ ከ2019ኙ ልቀት 85 በመቶ ሲያልፍ፣ ትርፉን አየር መንገዶች ማካካሻ ገዝተው፣ ማለትም ሌላ ቦታ ልቀት ለሚቀንስ ሥራ ከፍለው፣ ይሸፍናሉ። ከ2027 ጀምሮ ለብዙ አገሮች ግዴታ ይሆናል። በጣም ድሃ የሚባሉትና ወደብ የሌላቸው ካልፈለጉ አይገደዱም። እኔ በቂ ነው ብዬ አላምንም። የአገር ውስጥ በረራን አይነካም፣ የሚሸፍነውም ትርፉን ብቻ ነው።

ሰማይ ላይ የሚቀረው ነጭ መስመር ምንድን ነው?

ልጆች ሆነን አንገታችንን ቀና አድርገን «ጄት! ጄት!» የምንለው ነው። ከሞተሩ የሚወጣው እንፋሎትና ጥላሸት በቀዝቃዛና እርጥብ አየር ውስጥ በረዶ ሲሆን ነው የሚፈጠረው። አንዳንዱ ቶሎ ይጠፋል። አንዳንዱ ተዘርግቶ እንደ ስስ ደመና ለሰዓታት ይቆያል። በተለይ ማታ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ይይዛል።

ተስፋ ያለው እዚህ ጋ ነው። በ2023 ጉግልና አሜሪካን ኤርላይንስ በ70 በረራዎች ላይ ፓይለቶች ከፍታቸውን በመጠኑ እየቀየሩ ያንን አየር እንዲሸሹት አድርገው ነበር። መስመሩ በ54 በመቶ ቀነሰ። ከ2025 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አየር መንገዶች ይህን ዓይነቱን ጉዳት እንዲከታተሉ ያዛል። ትኬት ስትቆርጡ የምታዩት ቁጥር ግን በአብዛኛው ይህን አይጨምርም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድስ እንዴት ነው?

የራስን መመዘን ከባድ ነው። እወደዋለሁ። ያም ሆኖ ሁለቱንም ገጽ ላስቀምጥ።

አውሮፕላኖቹ ላይ ጎበዝ ነው። ከአፍሪካ መጀመሪያ 787ን በ2012፣ ኤ350ን በ2016 ያመጣው እሱ ነው። የአገር ውስጥ መስመሩን በአብዛኛው በፕሮፔለር ይሸፍናል። ሌላም አለ። ድሮ ከአንድ የአፍሪካ አገር ወደ ሌላው ለመሄድ በፓሪስ ወይም በለንደን መዞር የተለመደ ነበር። አዲስ አበባ ላይ መቀያየር ያን ሁሉ ዙር ያስቀራል። የአፍሪካ የጋራ የአየር ትራንስፖርት ገበያ የተጀመረውም በጥር 2018 እዚሁ አዲስ አበባ ነው። እሱ በትክክል ቢሠራ ዙሩ ይበልጥ ይቀንስ ነበር።

ሌላው ገጽ እድገቱ ነው። በ2035 በዓመት 65 ሚሊዮን መንገደኛ ለማጓጓዝ አቅዷል። በአንድ ሰው የሚለቀው እየቀነሰ ጠቅላላው ሊጨምር ይችላል። ይህ የሱ ብቻ ችግር አይደለም፤ በዓለም ያሉት ሁሉ እዚያው ላይ ናቸው። የአፍሪካ አየር መንገዶች በአጠቃላይ ደግሞ ወንበር መሙላት ላይ ወደ ኋላ ናቸው። በ2024 በዓለም አቀፍ በረራቸው ከመቀመጫቸው 74.5 በመቶው ነው የተያዘው፤ የዓለም አማካይ፣ የአገር ውስጥ በረራ ተደምሮ፣ 83.5 ነበር። ላይ ያሰላነውን የ180ና የ250 ሰው ልዩነት አስታውሱ።

ከካርቦን ሌላ የሚለካ የለም?

አለ። ጩኸት፣ የምግብ ትርፍራፊ፣ የፕላስቲክ ኩባያ፣ የሠራተኛው ደመወዝና እረፍት፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራ የሚነሳው ገበሬ ካሳ። በተለይ የመጨረሻው እኛ አገር ቸል ሊባል አይገባም። ግን ለሁሉም አንድ የጋራ መለኪያ ስለሌለ አየር መንገዶችን በነዚህ ማወዳደር ገና አስቸጋሪ ነው።

ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ እናትን ለማየት በሄድኩ ልሸማቀቅ?

አይገባም። የብዙዎቻችን ቤተሰብ በባሕር ማዶ ተበትኗል። ቤይሩትና ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ እህት በሦስት ዓመት አንዴ ብትመጣ ማንም ሊቆጣት አይችልም። ጥያቄው በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ስብሰባ ለሚበረው ነው። ለእኛ የሚገባን ትክክለኛ ቁጥር ማግኘት ነው። የምትሄዱ ከሆነ ደጋግሞ ከመሄድ አንዴ ሄዶ ሰንበት ማለት ይሻላል፤ ዘመድም የሚፈልገው ያንን ነው።

ታዲያ ትኬት ስቆርጥ ምን ልይ?

ስለ አየር መንገዱ ስም ከመጨነቃችሁ በፊት ያንኑ መስመር፣ በዚያው ቀን፣ በአንድ ማስያ ላይ አወዳድሩ። ዙሩ ያጠረውን ያዙ። የአውሮፕላኑን ዓይነት ተመልከቱ፤ የበረራ ቁጥሩ አጠገብ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ኢኮኖሚ ተቀመጡ። አረንጓዴው ጽሑፍ በዚያ መስመር ላይ ካለው የተለመደ ልቀት ያንሳል ማለት ነው፤ አይበክልም ማለት አይደለም።

የአክስቴ ልጅ ሁለት በረራ ነበር የቀራት። አንዱ በባሕረ ሰላጤው በኩል የሚዞር ነው። ሌላው ከደለስ ተነስቶ በቀጥታ ቦሌ የሚገባው። በቀጥታው ላይ ዋጋው ከፍ ይል ነበር። እሱን ቆረጠች። ስትመጣ ቦሌ ተቀበልኳት፤ ሁለት ሻንጣ ይዛለች፤ ሁለቱም ላይ የእጅ ሚዛኗ ታስሯል።